ዳግመኛ ስለማይመለስ እንግዳ

ሰው ማዕድ የሚቆርስበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ለመንገድ ተነሥቶ ሳለ የሚበላው እህል ከሌላው ሁሉ የተለየ ነው። በቤቱ የሚበላ ሰው ነገም በዚያው ገበታ እንደሚቀርብ ያስባል፤ መንገደኛ ግን አንድ እግሩ በማዕዱ፥ አንድ እግሩ በጎዳናው ሆኖ ይበላል። እስራኤል ከግብፅ በወጡባት ሌሊት ወገባቸውን ታጥቀው፥ በትራቸውን ጨብጠው፥ እየቸኰሉ ፋሲካውን እንዲበሉ ታዘዙ። ነቢዩ ኤልያስም ከኤልዛቤል ሸሽቶ በበረሃ በተኛ ጊዜ መልአክ ቀስቅሶ አበላው፤ የቀረው መንገድ ከጕልበቱ በላይ ነበረና። ከዚህም የመንገደኛ ምግብ ሆድን ለመሙላት ብቻ አለመሆኑ ይታወቃል። የሚቀበለው ሰው በሕይወቱ ያለውን መንገድ ሁሉ በዚያ ቍራሽ ላይ አስደግፎ ይሄዳል።

የዛሬ መንገደኛ ፋሲካውን የሚበላው በአውሮፕላን ማረፊያ ነው። በዚያም መላእክት ሳይሆኑ ነጋዴዎች ያበሉታል። እንግዲህ ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፤ የሚሸጠው ሰው ገዢውን ከዚያ በፊት አላየውም፤ ከዚያ በኋላም አያየውም፤ ገዢውም ሻጩን እንደዚሁ። ዳግመኛ የማይገናኙ ሁለት ሰዎች አንዱ ለሌላው ምን ዕዳ አለበት? በመካከላቸውስ ከገንዘቡ በቀር የሚቆም ነገር አለን?

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን የሐረርን ሰው ማሰብ ይበቃል። ሐረር አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ስለዚህ ከጁገል ግንብ ውስጥ የተነሣ መንገደኛ በሐረማያ በኩል አልፎ፥ ከደጋው ወደ ቆላው ወርዶ፥ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ድሬ ዳዋ ይደርሳል፤ በዚያም በአባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ስም ከሚጠራው ማረፊያ ይሳፈራል። ከአዲስ አበባም ወደ ውጭ አገር ይሻገራል። የሐረር ልጆች በካናዳም በአሜሪካም ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ ዛሬ ይህ መንገድ እንደ ጥንቱ የዘይላ መንገድ የተለመደ ሆኗል።

እናቱ በሶውን፥ ጭኮውን፥ ዳቦ ቆሎውን ቋጥራ ሰጥታዋለች። ነገር ግን የዛሬ መንገድ ስንቅን ሁሉ አያሳልፍም። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ በብዙ አገር አንድ መንገደኛ በእጁ ከያዘው ፈሳሽ አንዱ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ተደንግጓል፤ ስለዚህ ውኃውም ወጡም ከፍተሻው በር ይቀራሉ። ፍተሻውን ካለፈ በኋላም ወደ ውጭ ወጥቶ ሌላ ምግብ ቤት መፈለግ አይቻለውም። ለመሳፈር ከአንድ ሰዓት በታች ቀርቶታል። እንደ ቦስተንና እንደ ሲያትል ባሉ የባሕር ዳር ከተሞች ማረፊያ ውስጥ ደግሞ ከፊቱ የሚያገኘው የዓሣ ምግብ ቤት ነው። ወንበሩ ዝቅ ያለ፥ ገበታው ጠባብ፥ አስተናጋጁ የሚሮጥ፥ ተመጋቢውም ሻንጣውን በእግሩ መካከል አድርጎ ዐይኑን ከሰዓቱ የማይነቅል ነው። በዚህ ስፍራ የተቀመጠ ሰው የሚበላውን የመረጠ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የመረጠለት መንገዱ ነው።

የግእዝን ቋንቋ የተማረ ሰው በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ያስተውላል። «ነገደ» የሚለው ግስ ሁለት ትርጓሜ አለው፤ አንዱ ሸጠ፥ ለወጠ ማለት ሲሆን፥ ሁለተኛው ተጓዘ፥ እንግዳ ሆነ ማለት ነው። ነጋዴ ከዚህ ወጣ፤ እንግዳም ከዚሁ ወጣ፤ የነጋዴዎች አለቃ የነበረውም ነጋድራስ የተባለው ከዚሁ ግስ ነው። ይህ የቃል ጨዋታ አይደለም። ጥንት የሚነግድ ሰው ሁሉ መንገደኛ ነበረ፤ መንገደኛም ሁሉ የሌላ ሰው እንግዳ ነበረ። ሸቀጡን የሚያወርድበት ቤት የሚያድርበትም ቤት ነበረ። ስለዚህ ሽያጭና መስተንግዶ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖሩ ነበር፤ አንዱን ያጐደለ ሌላውንም አጐደለ። በአውሮፕላን ማረፊያ ግን እንግዳ ማለት የሚገዛ ሰው ስም ብቻ ሆነ። ሰሙ ቀረ፤ ወርቁ ወዴት እንደ ሄደ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሐረር ለዚህ ነገር ምስክር ናት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ግንቧን ካሠሩ በኋላ ከተማይቱ በአምስት በሮች ትወጣ ትገባ ነበር፤ እነርሱም ፈላና በር፥ ኤረር በር፥ ሰንጋ በር፥ ቡዳ በርና ሸዋ በር ይባላሉ። በሮቹ ሲመሽ ይዘጉ ነበር። አሚሮቿ የራሳቸውን ገንዘብ ያሳትሙ ነበር፤ ቡናዋም በባሕር ማዶ ስሟን ያስጠራ ነበር። ከዘይላ ወደብ የሚመጣው ሲራራ በረሃውን በግመል ያቋርጣል፤ ግመል ወደ ደጋው መውጣት ስለሚከብደው ሸቀጡ በጊልዴሳ ወደ በቅሎና ወደ አህያ ይዛወራል። ባለ ቅኔው አርቱር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ለንግድ ወደ ሐረር ሲመጣ ከዘይላ ጀምሮ ሃያ ቀን ያህል ፈጅቶበታል።

በዚህ ረጅም መንገድ ላይ እንግዳ በምን ይታመን ነበር? በሱማሌ አገር አባን የሚባል ሥርዓት ነበረ። አባን ማለት የእንግዳው ተቀባይም፥ ጠባቂም፥ በንግዱም ደላላ የሚሆን የአገር ሰው ነው። እንግዳው ቢዘረፍ ወይም ቢገደል የተዋረደው አባኑ ነው፤ ደሙንም የሚፈልገው እርሱና ወገኑ ናቸው። በ1847 ዓ.ም. ወደ ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ይህን ሥርዓት በመጽሐፉ ገልጾታል። አባኑ ለእንግዳው ስም ይሰጠዋል፤ ማለት የማይታወቀውን ሰው የታወቀ ሰው ወገን ያደርገዋል። ከዚህም በላይ ነጋዴው በሚመጣው ዓመት ይመለሳል። ዘንድሮ በሐሰተኛ ሚዛን የተበደለ ነጋዴ ለከርሞ ሌላ በር ያንኳኳል፤ ወሬውንም በየጕድጓዱ ውኃ ዳር ይነዛዋል። ስለዚህ ሰው እውነተኛ የሚሆነው እግዚአብሔርን ፈርቶ ቢሆን መልካም፤ እግዚአብሔርን ባይፈራ እንኳ ከርሞን ይፈራ ነበር።

የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ በደረሰ ጊዜ ይህ ነገር መለወጥ ጀመረ። ሐዲዱ የሐረርን ተራራ ስላልወጣው ድሬ ዳዋ የምትባል አዲስ ከተማ በግርጌው ተቈረቈረች፤ የሃያ ቀን መንገድም ወደ ጥቂት ቀን አጠረ። መንገድ ባጠረ ቍጥር መንገደኛ በዛ፤ መንገደኛ በበዛ ቍጥር መታወቁ ቀረ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን መንገደኛ ይዞ ወደ ካይሮ ከበረረ ወዲህ ደግሞ የቀን መንገድ የሰዓት መንገድ ሆነ። ዛሬ በአንድ ማረፊያ ውስጥ በአንድ ቀን የሚያልፈው ሰው የጥንቷ ሐረር በዓመት ካየችው እንግዳ ሊበልጥ ይችላል። አባን የለም፤ ከርሞም የለም። ከርሞን ብቻ ይፈራ የነበረ ሰው እንግዲህ የሚፈራው አጣ።

ምናልባት አንድ ሰው ተነሥቶ እንዲህ ይል ይሆናል፤ «በአባን ፈንታ መንግሥት አለ፤ በከርሞ ፈንታ ሕግ አለ። ምግብ ቤቱን የጤና መርማሪ ይመረምረዋል፤ ዋጋውም በዝርዝሩ ላይ ተጽፏል። ሻጩ ሕጉን ከፈጸመ፥ ገዢውም ገንዘቡን ከከፈለ፥ ሌላ ዕዳ ከየት ይመጣል?» ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለም፤ ሕግ ባይኖር የብዙ ሰው ነፍስ በጠፋ ነበር። ዳሩ ግን ሕግ የሚያየው የሚታየውን ነው። መርማሪው በዓመት ጥቂት ቀን ይመጣል፤ ወጥ ሠሪው ግን በየቀኑ ሣጥኑን ይከፍታል። በመርማሪው ቀንና በወጥ ሠሪው ቀን መካከል ያለው ሰፊ ጊዜ የማን ነው? እርሱ የሕሊና ጊዜ ነው።

ለዚህም ዓሣ ከምግብ ሁሉ የበለጠ ማስረጃ ይሆናል። ከሞቃት ባሕር የሚወጡ እንደ ቱና ያሉ ዓሦች ከተጠመዱበት ሰዓት ጀምሮ በብርድ ካልተጠበቁ በሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን የሚባል መርዝ ያድራል። ይህን መርዝ እሳት አያጠፋውም፤ ቢጠበስም ቢቀቀልም ያው ነው። ብዙ ጊዜም በሽታውና በጣዕሙ አይለይም። የበላው ሰው ከጥቂት ደቂቃ እስከ ጥቂት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ፊቱ ይቀላል፥ ራሱ ይመታዋል፥ ልቡ ይደልቃል፥ ያስመልሰዋል። በማረፊያ የበላ መንገደኛ ይህ በሚደርስበት ጊዜ በሰማይ ላይ ነው፤ ሐኪም በሌለበት፥ ወርዶም «ምን አበላችሁኝ» ብሎ መጠየቅ በማይችልበት ስፍራ። የማቀዝቀዣው መብራት ሌሊት ጠፍቶ እንደ ነበረ የሚያውቀው ግን ጧት በሩን የከፈተው ሰው ብቻ ነው። እንደዚሁም የሸርጣንና የሽሪምፕ ወገን የሆነው ሁሉ ለአንዳንድ ሰው አካል የማይስማማ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው በዚያው ዘይት የተጠበሰ ድንች እንኳ ቢበላ ጕሮሮው አብጦ ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። ዘይቱ አንድ ይሁን ሁለት የሚያውቀውም ከምድጃው የቆመው ነው።

በኦሪት ዘሌዋውያን ከውኃ ፍጥረት ወገን ክንፍና ቅርፊት ያለው እንዲበላ፥ የሌለው ግን እንዳይበላ መታዘዙን ካህናት ያውቃሉ። በኢትዮጵያም ይህ ሥርዓት ተጠብቆ ስለ ኖረ ብዙ ምእመናን ቆሮሶን ሲበሉ ቅርፊት የሌለውን አምባዛን ይተዋሉ። የትእዛዙ ጥበብ ይስተዋል፤ ምልክቱ ለዐይን የሚታይ ነውና ድኻም ሀብታምም፥ የተማረም ያልተማረም በገበያ ላይ ሊለየው ይችላል። የዛሬ ምግብ ቤት ግን ዓሣውን ገፎ፥ አጥንቱን አውጥቶ፥ ነጭ ሥጋ አድርጎ ያቀርበዋል። ቅርፊቱ ተገፈፈ፤ ምልክቱም አብሮ ተገፈፈ። ርካሹን ዓሣ በውዱ ስም መሸጥ በብዙ አገር በምርመራ የተደረሰበት ማታለል ነው። እንግዲህ በዐይን ይፈረድ የነበረው ነገር በቃል ወደ መፈረድ ተዛወረ። በላተኛው «ይህ ምንድር ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጩም «እንዲህ ነው» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው እምነት ነው። ማመን፥ መታመን፥ ታማኝነት የምንላቸው ሁሉ ከአንድ ሥር የወጡ መሆናቸውን ሰው ይዘነጋል፤ ነገር ግን በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያልታወቀ ሰው ያበሰለውን ወደ አፉ የሚያደርስ ሰው በዚያች ሰዓት አማኝ ነው፤ ያበሰለለትም ታማኝ መሆን ግድ ይለዋል።

በሐረር ይህ ነገር ሌላ ትርጓሜም አለው። በከተማይቱ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት ሆነው፥ በሐዘንና በደስታ እየተጠራሩ ይኖራሉ፤ ሥጋ በሚበላ ጊዜ ግን ገበታቸው ይለያል፤ አንዱ የባረደውን ሌላው አይበላምና። ስለዚህ የአንዱ ሠርግ ላይ ለሌላው ለብቻ ማረድ፥ ወይም ሌላ ምግብ ማዘጋጀት ልማድ ነው። ዓሣ ግን አይባረክም፥ አይታረድም፤ ከውኃ ወጥቶ በራሱ ይሞታል። ስለዚህ ቅርፊት ያለው ዓሣ ሁለቱ ያለ ሐሳብ በአንድ ሳሕን ሊበሉት የሚችሉት ማዕድ ነው። በማረፊያ በአንድ ጠባብ ገበታ ላይ የተገናኙ ሁለት የሐረር ልጆች በዚህ ሊደሰቱ ይገባቸዋል። ነገር ግን ደስታቸው በአንድ ነገር ላይ ቆሟል፤ ዓሣው የተጠበሰበት ዘይት ቀድሞ ምን እንደ ተጠበሰበት ወጥ ሠሪው እውነቱን ቢናገር ነው። «ንጹሕ ነው» ብሎ በግድየለሽነት የተናገረ ሰው የሁለቱን ሃይማኖት በአንድ ቃል በደለ። እርሱ ሃይማኖታቸውን ላይቀበል ይችላል፤ በጥያቄያቸውም ሊስቅ ይችላል፤ ዳሩ ግን የሰው ሕሊና የተደገፈበትን በትር ሊሰብር አልተፈቀደለትም። በጾም ዓሣ የመብላቱ ነገር በምእመናን መካከል ብዙ ዘመን ሲያከራክር የኖረ ነው፤ ያን መወሰን የሊቃውንት ነው፤ እውነትን መናገር ግን የወጥ ሠሪውም ነው።

ስለ ዋጋም አንድ ቃል ሊነገር ይገባል። በማረፊያ ውስጥ ምግብ ውድ መሆኑ በራሱ በደል አይደለም። የቤቱ ኪራይ ይበዛል፤ ዕቃው ሁሉ በፍተሻ ይገባል፤ ዋጋውም በግልጥ ከተጻፈ ገዢው ሳይታለል ይገዛል። ነገር ግን ዋጋ ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንዱ «ይህን ያህል ደከምሁበት» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ወዴት ትሄዳለህ?» የሚል ነው። የመጀመሪያው ድካምን መሸጥ ነው፤ ሁለተኛው የሰውን ጭንቀት ለራሱ ለሰውየው መልሶ መሸጥ ነው። በበረሃ የውኃ ጕድጓድ ያለው ሰው ለመቅዳቱ ቢያስከፍል ማንም አይወቅሰውም፤ ስለ ጥሙ ግን ቢያስከፍል ሲራራው ሁሉ ይረግመዋል። ይህን ልዩነት አንዳንድ ከተሞች ተረድተውታል፤ በአሜሪካ በኦሪገን ያለው የፖርትላንድ ማረፊያ በውስጡ ያሉ ሱቆች በከተማው ከሚሸጥበት ዋጋ አብልጠው እንዳይሸጡ ደንብ አውጥቶ ሠርቶበታል። እንዲህ ማድረግ እንደሚቻል ከታየ በኋላ «አይቻልም» የሚለው ምክንያት ይደክማል።

አሁን ግን ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ቀርቷል። ወጥ ሠሪው የራሱ ጌታ አይደለም። ጧት ማቀዝቀዣውን ቢከፍት ብርዱ ላልቶ አገኘው፤ ዓሣው ተበላሽቷል ብሎ ለመማል አይችልም፤ ደኅና ነው ብሎም ለመማል አይችልም። ለባለቤቱ ቢነግረው «አትጣል፥ ሽጥ» አለው። ይህ ሰው በባዕድ አገር ያለ ስደተኛ ሊሆን ይችላል፤ ደመወዙን የሚጠብቁ ልጆች፥ በሐረር የምትጦር እናት ልትኖረው ትችላለች። እንዲህ ብሎ ቢያስብ ማን ይፈርድበታል? «ብናገር እንደምባረር የታወቀ ነው፤ መንገደኛው እንደሚታመም ግን የታወቀ አይደለም። በታወቀ ጉዳት ያልታወቀ ጉዳትን ልግዛን?»

ይህ ክርክር በሚዛን ሲታይ እኩል ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ስውር ስሕተት አለበት። «ምናልባት አይታመም ይሆናል» የሚለው ምናልባት የወጥ ሠሪው ሀብት አይደለም። የራሱን ሆድ በምናልባት ላይ ቢጥል ሥልጣን አለው፤ የሌላውን ሆድ፥ ሌላው ሳያውቅ፥ በምናልባት ላይ ለመጣል ግን ማንም ሥልጣን አልሰጠውም። የምናልባቱ ባለቤት የሚበላው ሰው ነው። ስለዚህ ለባለቤቱ መመለስ አለበት፤ የሚመለሰውም በመናገር ነው። ሊቃውንት ነገርን ከፍለው እንደሚያስተምሩ ይህም በሦስት ይከፈላል። እንደ ተበላሸ ያወቀውን ከቶ አያቅርብ፤ ቢያዝዙትም፥ ቢያስፈራሩትም። የተጠራጠረውን ሳይናገር አያቅርብ። ያላወቀውንም አውቃለሁ ብሎ አይመስክር፤ «ጠይቄ ልምጣ» ይበል። ሦስተኛው ከሁሉ የሚቀልል ነው፤ በየቀኑ የሚጣሰው ግን እርሱ ነው፤ ለመጠየቅ ሁለት ደቂቃ ይፈጃልና።

«ዛሬ ዓሣውን ቢተዉት ይሻልዎታል፤ ሌላ ይዘዙ» ብሎ ለበላተኛው በቀስታ መንገርስ አይበቃምን? የሚል ይኖራል። ይህ መልካም ነገር ነው፤ አንዲት ነፍስ አድኗልና አይናቅም። ዳሩ ግን ከእርሱ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰውም አለ፤ እርሱ ያልጠየቀ፥ ቋንቋ የማያውቅ፥ ወይም ልጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በቀስታ የተነገረው እውነት የመጀመሪያ እርምጃ ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም። ከዚህም ጋር ፍርዱ በወጥ ሠሪው ራስ ላይ ብቻ እንዳይከመር መጠንቀቅ ያሻል። ሎሌው እውነት ሲናገር እንጀራውን እንዲያጣ አድርጎ ቤቱን ያቆመ ጌታ የሐሰቱ ሁሉ አባት እርሱ ነው። ሐሰተኛ ሚዛንን የሚከለክለው የኦሪት ቃል ለሚመዝነው እጅ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ሚዛኑን ለገዛውም ነው።

የበላተኛውም ዕዳ ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም፤ እርሱም የማይመለስ ነውና። ሻጩ እንግዳውን ዳግመኛ እንደማያየው ሁሉ እንግዳውም ሻጩን ዳግመኛ አያየውም። ስለዚህ በቤቱ ጨዋ የሆነ ሰው በማረፊያ ጨካኝ ሲሆን ይታያል። በአገሩ አሽከሩን «አንተ» ብሎ ለመጥራት የሚያፍር ሰው፥ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ቆሞ የዋለውን አስተናጋጅ በጣቱ ያጨበጭብበታል፤ ስለ አውሮፕላኑ መዘግየት የተቈጣውን ቍጣ ሳሕን በያዘው ሰው ላይ ያወርዳል፤ የተረፈውን አጥንት በገበታው ላይ ዘርቶ ይነሣል፤ ጠራጊዋም ቀና ብላ ፊቱን ሳታይ ይሄዳል። ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል ይባላል፤ ይህ ተረት የተነገረው ለንፉግ ነው፤ ነገር ግን አጠገቡ ሰው እያለ ሰው እንደሌለ አድርጎ የሚበላም ለብቻው መብላቱ ነው። ስለ ተቀበለው ምግብ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ማለት፥ ሒሳቡ በስሕተት ቢያንስ መናገር፥ ላገለገለው ሰው ስሙን ጠይቆ በስሙ ማመስገን ገንዘብ አያስወጣም፤ ጊዜም አይፈጅም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ብንመለስ መልሱ እንደሚከተለው ይሆናል። ዳግመኛ የማይገናኙ ሰዎች ከሚገናኙት ይልቅ ዕዳቸው ይበዛል እንጂ አያንስም። ምክንያቱም የሚገናኙ ሰዎች እውነት ቢናገሩ ከእውነቱ ጋር ጥቅም ተቀላቅሎበታል፤ ለከርሞ ደንበኛ ይጠብቃሉና። ጌታችን ግብዣ የሚያደርግ ሰው ብድር የሚመልሱለትን ትቶ ሊመልሱ የማይችሉትን እንዲጠራ ያስተማረው ስለዚህ ነው። ዳግመኛ የማይመለስ መንገደኛ በሀብት ድኻ ባይሆን እንኳ በዚህ ነገር ድኻ ነው፤ ለመልካሙም ለክፉውም ብድር ሊመልስ አይችልም። ስለዚህ ለእርሱ የተደረገ እውነት ከጥቅም የተለየ ንጹሕ እውነት ነው፤ በእርሱ ላይ የተሠራ ሐሰትም ምክንያት የሌለው ንጹሕ ሐሰት ነው። የሰው ልብ ምን እንደ ሆነ በጎረቤቱ ዘንድ አይታወቅም፤ በማይመለሰው እንግዳ ዘንድ ግን ይታወቃል።

የዮሐንስ ወንጌል በመጨረሻው ምዕራፍ ስለ አንድ የዓሣ ማዕድ ይናገራል። ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን በከንቱ ደክመው ወደ ጥብርያዶስ ባሕር ዳርቻ በመጡ ጊዜ ጌታ ፍሙን አንድዶ፥ ዓሣውን ጠብሶ፥ እንጀራውን አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ከዚያ ማዕድ በኋላ ወደ ዓለም ሁሉ ይበተኑ ዘንድ አላቸው፤ መንገዳቸውም ወደ ደም የሚያደርስ ነበረ። ለመንገደኞች ዓሣ መጥበስ የተናቀ ሥራ ከመሰለው ሰው ይህን ያስብ። በቦስተንም ቢሆን፥ በድሬ ዳዋም ቢሆን፥ በጁገል በር ሥር ሳምቡሳ የምትጠብሰውም ሴት ብትሆን፥ መንገደኛን የሚያበላ ሰው የቆመው ከዚያ ፍም አጠገብ ነው። ጁገል በሯን ለእንግዳ ከፍታ ብዙ ዘመን ኖራለች፤ በ1998 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ተብላ የተመዘገበችው ግንቧ ስላማረ ብቻ አይደለም፤ በግንቡ ውስጥ የሚኖረውም የሰው ልማድ ተቈጥሮላት ነው። ግንብ ሌባን ይከለክላል፤ እምነት ግን ግንብ የለውም፤ ጠባቂው እያንዳንዱ ሰው ነው።

እንግዲህ የምትሸጥ ሆይ፥ ለማይመለሰው እንግዳ የምትሰጠውን ለሚመለሰው እንደምትሰጠው አድርገህ ስጥ። የምትገዛም ሆይ፥ የማታውቀውን ሰው እንደምታውቀው አድርገህ አክብር። ሁላችሁም ከአንድ በር ገብታችሁ በሌላ በር የምትወጡ ናችሁ፤ በዚህ ዓለም ማንም ሁለት ጊዜ አይሳፈርም።